የዳማው ገምባሌ

በእኛ አገር ጀግና በወላጁ ስም ብቻ አይጠራም፤ በፈረሱም ይጠራል፣ የፈረሱ አባት ተብሎ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘውማ ይበልጥ የተሾመው ከሞተ በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ በስሙ ተጠራ፤ አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም ቃኘው ተባለ። ስንት ሹመኛ ስሙን ለአንድ ቀበሌ መንገድ እንኳ ሳያስተርፍ አልፏል!

ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ክብር ከጉልበት በላይ ነው። ስለ ኮርቻው፣ ስለ ግላሱ፣ ስለ ልጓሙ ስንሰማ አድገናል። ዳኘው ከዓድዋ ሲመለስ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ አዝማሪ አላጋጠመኝም። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለውን የምኒልክን ሐውልት ተመልከቱ። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ሲመረቅ ፈረሱ በሁለት የኋላ እግሮቹ ቆሞ ነበር። ጣልያን ነቀለው፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ሲተከልም ያው በሁለት እግሩ ነው። ነሐስ ሆኖ ተረፈ እንጂ ቋንጃው ምን ይለን ነበር?

እኔን ስለ ፈረስ ቅልጥም እንዳስብ ያደረገኝ ግን ታሪክ ሳይሆን ጉርብትና ነው።

የምኖረው ጉለሌ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ። የኔ ክፍልና የአከራያችን የፈረስ ጋጣ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በኔ በኩል ጋዜጣ የተለጠፈበት ጭቃ ነው፤ በዳማው በኩል ቆርቆሮ። ዳማው ከሰላሌ የመጣ፣ ግንባሩ ቦራ የሆነ፣ ረጋ ያለ ፈረስ ነው። ሥራው ቅዳሜና እሁድ ነው። የአከራያችን ልጅ ወደ እንጦጦ ያወጣዋል፤ የከተማ ሰው ይቀመጥበታል፣ ፎቶ ይነሣበታል፣ ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ዳገቱን የሚወጣው ሕዝብ ስለበዛ ገበያው አይከፋም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ዳማው ጋጣው ውስጥ ቆሞ ይውላል፣ ቆሞ ያድራል። ውጭ ቢያድር ደግሞ ጅቡ አለ፤ የእንጦጦ ጅብ ከመሸ ሽሮ ሜዳ ድረስ እንደሚወርድ በሰፈሩ የማያውቅ የለም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው ይመታል። ጓ! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጓ! ጓ! መጀመሪያ ሌባ መሰለኝ፤ በኋላ አከራዬ መሰሉኝ፣ ወሩ አልቆ ስለነበር። ሲነጋ ወጥተን ስናይ የዳማው የኋላ እግር ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ተቧጭሯል። የፊት እግሩ ከሰኮናው በላይ ተልጧል፤ የቋንጃው ጫፍም እንደ ሎሚ ቋጥሯል። ሁሉም ትንንሽ ነው፣ የሚያስደነግጥ አንድም የለውም። ምክር የሚበዛው ግን እንዲህ ያለ ቁስል ላይ ነው፤ ከባድ ቁስል ሲሆንማ ሁሉም ሰው ሐኪም ጥሩ ይልና ዝም ይላል።

የዚያን ዕለት ቡና ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ለአንድ ሆስፒታል ይበቃ ነበር። እትዬ፣ የአከራያችን ባለቤት፣ ቅቤ ይቀባ አሉ፤ ወዲያው የቅቤውን ዋጋ አስታውሰው ትንሽ ብቻ ብለው አሻሻሉት። ታክሲ የሚነዳው ተከራይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አምጥቼ ልቀባው አለ። ለዘመዱ በሬ ሠርቶ ነበር፣ በሬው ለምን እንደታረደ ግን አልነገረንም። አንዱ ብረት ግሎ ይተኮስ አለ። አንዲት ጎረቤት ከእንጦጦ ማርያም ጠበል አምጥቼ ልርጨው አሉ፤ ከምክሩ ሁሉ ጉዳት የሌለው ይህ ነበር። የኮሌጅ ተማሪው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ የፈረንጅ ፈረሶችን አሳየን። አራት እግራቸው ላይ እየተለጠፈ የሚታሰር ጫማ መሰል መከላከያ አድርገዋል። ጡረተኛው ወታደር መነጽራቸውን አውልቀው ካዩ በኋላ፣

«ይሄማ ገምባሌ ነው! አባቴ ክብር ዘበኛ ሳሉ ያደርጉት ነበር» አሉ።

በመካከሉ ወጌሻ ተጠርቶ መጣ። እጁን ወደ ቋንጃው ሰደድ ሲያደርግ ዳማው ረገጠ፤ ወጌሻው ለጥቂት ተረፈ። ልብሱን እያራገፈ «እግሩ ደህና ነው፤ አሁን ያየሁት የበሽተኛ እግር አይደለም» ብሎ ሄደ። የአገልግሎት ክፍያ አልጠየቀም።

ፍርዱ በገምባሌው ጸና። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ አገር ነው፤ ጨርቅ አይታጣም። ከበላያችን ያለው የዶርዜ ሸማኔ ከሥራ የተረፈ ጥለት ይዞ ወረደ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሳባ ያለበት። የዳማው አራት እግሮች ከጉልበት እስከ ሰኮና ጥብቅ ተደርገው ተጠቀለሉ፣ ተቋጠሩ። እውነቱን ለመናገር አማረበት። እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሚሰበሰቡት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ቢያዩት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በቆየው ማኅበራቸው ያለ መዋጮ ይመዘግቡት ነበር።

እሁድ እንጦጦ ላይ የሆነውን የአከራያችን ልጅ እየሳቀ ነገረን። ሰው ሌሎቹን ፈረሶች ትቶ ዳማው ጋ ተሰለፈ። የሠርግ ፈረስ ነው ወይ ተባለ። ሙሽሮች ቀን ሊያስይዙ ስልክ ተቀበሉ። ዋጋው በዚያው ዕለት ጨመረ። ማታ ዳማው ሲገባ ጥለቱ አልተፈታም። ሰኞም አልተፈታም። እሮብ ላይ ደግሜ ስጠይቅ አከራያችን ጋሼ፣ «እንዴት ይፈታል? የሚሸጠው እሱ ነው እኮ» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ገምባሌው መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ የደንብ ልብስ ሆነ።

የእንስሳት ሐኪሟ የመጣችው ለሌላ ጉዳይ፣ ለጎረቤት ላም ነበር። ወጣት ናት፤ ቦት ጫማዋ ላይ የጉለሌ ጭቃ አለ። በአጥር በኩል ዳማውን አየችና ሳይጠሯት ገባች።

«ጋሼ፣ ይሄንን ያለበሱት ለፈረሱ ነው ወይስ ለደንበኛው?»

ጋሼ መልስ አላጡም። «ለሁለቱም ልጄ። እሱም እንዳይጎዳ፣ እነሱም እንዲደሰቱ።»

ተንበርክካ ስትፈታው ሁላችንም ዝም አልን። ጨርቁ የታሰረበት ቦታ ጸጉሩ ተልጦ ዙሪያውን ሰርጉዷል። የተቧጨረው ቦታ እርጥብ ሆኖ ይሸታል። እሷ እንደነገረችን የፈረስ እግር ከጉልበት በታች ጡንቻ የለውም፤ ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ብቻ ነው። ሥጋ ስለሌለው ጥብቅ ያለ ጨርቅ ጅማቱን በቀጥታ ይጫነዋል፤ የደም ዝውውሩንም ያውካል። ጭረት አድናለሁ ተብሎ የታሰረ ፋሻ ጅማት ያበላሻል። የጅማት ነገር ደግሞ በወራት የሚታከም ነው፤ ከጭረቱ ጋር አይወዳደርም። እግር ላይ ያለ ቁስል ቀስ ብሎ ነው የሚሽረው፤ ከተበላሸም ከቆዳው በላይ የሚያብጥ ትርፍ ሥጋ ያወጣል።

ቅቤውን፣ ዘይቱንና የጋለውን ብረት ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እትዬን ጠርታ አንድ ሊትር ውኃ አፍልተው እንዲያቀዘቅዙ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው እንዲጨምሩበት ነገረቻቸው። በዚያ ታጠበ። ሌላ ምንም አልተቀባም። «ይኸው ነው?» አሉ እትዬ፣ ቅር ብሏቸው። ሕክምና ሲረክስ ሰው ደስ አይለውም። ሐኪሟ ግን ስለ አንድ ነገር አላሾፈችም፤ ስለ መንጋጋ ቆልፍ፣ ስለ ቴታነስ። ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ይበልጥ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው። በሽታው የሚገባውም ብዙ ጊዜ ሚስማር በወጋት፣ ዓይን በማይሞላ ቀዳዳ ነው። ክትባቱ ወጪ ነው፣ አዎ፤ ፈረሱ ራሱስ ስንት ነው?

ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀች። «ቁስሉ ከየት መጣ?»

ስንት ቀን ስለ ቁስሉ ስናወራ ከየት መጣ ያለ አልነበረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ ጋጣውን ትተን እግሩን ስንጠቀልል ከረምን። ሐኪሟ መዳፏን የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ አድርጋ ከሰው ጉልበት ቁመት ዝቅ ብላ ዙሪያውን ዳሰሰች። መጀመሪያ የቆርቆሮው ጠርዝ ተገኘ፤ ከታች ተገልብጦ ምላጭ ሆኗል። ቀጥሎ ሚስማር፣ ቀጥሎ ሌላ ሚስማር። ጋሼ እያንዳንዱን ለመከላከል ሞከሩ።

«ያ የኮርቻው መስቀያ ነው።»

«ኮርቻው እዚህ ቁመት ላይ ይሰቀላል ጋሼ?»

«ድሮ አጭር ልጅ ነበር የሚሰቅለው።»

የናይለኑ ገመድ ሌላ ጉድ ነበር። ዳማው የሚታሰረው የፊት እግሩ ላይ ነው፤ ገመዱም ረጅም ነው፣ «እንዲንቀሳቀስ» ተብሎ። ረጅም ገመድ እግር ላይ ይጠመጠማል፤ ሲጎትተው ናይለኑ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ከሰኮናው በላይ የተላጠው ይህ ነበር። በኋላ በማሰሪያ ከአንገቱ፣ በደረቱ ቁመት፣ ጎንበስ ብሎ ለመብላት የሚበቃ ግን እግሩን የማያሻግር ያህል ገመድ ተሰጠው፤ አንድ ሲጎትቱት የሚፈታ ቋጠሮም ጡረተኛው ወታደር አሠሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከገምባሌ ሌላ የሚያውቁት ነገር ተገኘ።

የሌሊቱ ጓጓታም ምስጢሩ ወጣ። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ጉልበቱን ቆልፎ የሚይዝለት የጅማት አሠራር አለው። ጥልቁን እንቅልፍ ለማግኘት ግን የግድ መጋደም አለበት። የዳማው ወለል ጠጠር የበዛበት ደረቅ መሬት ነው፤ ጭዱ ውድ ስለሆነ በጭብጥ ነው የሚነጠፍለት። ሲተኛ ቋንጃው ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፣ ሎሚ የሚያህለው እብጠት ከዚያ ነው። ሲገለባበጥ ደግሞ ግድግዳው ሥር ይጣበቅና ለመነሣት እግሩን ያወራጫል፣ ቆርቆሮውን ይመታል፣ እኔን ይቀሰቅሳል። ለካ ሁለታችንም እንቅልፍ ያጣነው በአንድ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ማብዛት ነው፤ ዳር ዳሩን በግድግዳው ሥር ከፍ አድርጎ መከመር፣ ፈረሱ ሲገለባበጥ ወደ መሐል እንዲመልሰው። ወለሉም ሽንት እንዳይቋት ትንሽ ተዳፋት ይሁን፤ እርጥብ ሲበዛ ሰኮናው ይበሰብሳል። በነሐሴ ጉለሌን የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ እንዳልሆነ ይገባዋል። ነገሩ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። ግሪካዊው የጦር ሰው ዜኖፎን ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ እርጥብና ልሙጥ ወለል ጥሩ ሰኮና እንኳ እንደሚያበላሽ አስጠንቅቋል። ወለሉ ተዳፋት ሆኖ የሰኮና መጠን ያላቸው ድንጋዮች ይነጠፉበት ብሏል። ኮብልስቶን ማለት ነው። እኛ ሰፈር ከመድረሱ በፊት ለፈረስ ታስቦ ነበር።

ስፋቱ ላይ ስንደርስ ግን እኔና ሐኪሟ ልንጣላ ነበር። በመጽሐፉ ለአንድ ፈረስ የሚመከረው ጋጣ 3.6 በ3.6 ሜትር ነው አለች። የኔ ክፍል 3 በ4 ነው። በልቤ አባዛሁት፤ ፈረሱ ወደ አንድ ካሬ ሜትር ይበልጠኛል። «ይሄ ለትልልቆቹ የፈረንጅ ፈረሶች ነው፤ የእኛዎቹ አጠር ስለሚሉ ትንሽ ቢቀንስም ይሆናል» አለች፣ ፊቴን አይታ። ጋሼ በጥሞና እያዳመጡ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ኪራይ ሊጨምሩ ወይስ እኔን ወደ ጋጣው ሊያዛውሩ እንደሆነ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ጋሼን ያስደነገጣቸው። ዓርብ ዓርብ የዳማው የኋላ እግሮች ሁለቱም እኩል ያብጡ ነበር። ያ ቁስል አይደለም። ፈረስ ቆሞ ሲውል ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለቱ እግር እኩል ካበጠ፣ ካልሞቀና ካላመመው መድኃኒቱ መሄድ ነው። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲነኩት ከሸሸ፣ ያኔ ሐኪም ነው። ስለዚህ አሁን የአከራያችን ልጅ ጧት ጧት ዳማውን ይዞ ወደ ላይ ትንሽ ያዘግማል። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው እንዳይባል ሜዳ የለንም፤ ዳገት ብቻ ነው። ጃንሜዳ ድረስ እንዳይወርድ መኪናው አለ። ለነገሩ ጉግሱንና የፈረስ እሽቅድምድሙን ያስተናግድ የነበረው ጃንሜዳ ራሱ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ሽንኩርት ሲሸጥበት አይተናል።

ፋሻ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ሲራመድ አንዱ ሰኮናው ሌላውን ቁርጭምጭሚት ለሚመታ ፈረስ፣ በመኪና ተጭኖ ለሚሄድ፣ ቁስሉ በሐኪም ለተሸፈነ ያስፈልገዋል። ግን መጀመሪያ ወፈር ያለ ጥጥ ይደረጋል፣ ጨርቁ ከላዩ ላይ እኩል እኩል ይጠመጠማል፣ የላይኛው ጠርዝ ጣት ያስገባል፤ ቋጠሮው ጅማቱ ላይ ሳይሆን በውጭ ጎን ይሆናል። ጧትና ማታ ይፈታል፣ እግሩ በእጅ ይዳሰሳል። ሸማኔያችን ይህን ሲሰማ ባዘቶ አመጣ፤ ከጥለቱ በፊት ባዘቶ እንዳለ ረስተነው ነው። ጥለቱም አልተጣለም። የዳማው ግንባር ላይ ተንጠለጠለ፣ ልጓሙ ላይ ተሰፋ። ማንንም አይጎዳም፣ ፎቶም ላይ ይወጣል። ዋጋው አልቀነሰም።

የከተማችን ነገር ግን ይገርመኛል። አዲስ አበባ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ «ፈረሰኞቹ» የሚባል የእግር ኳስ ቡድን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አላት፤ አንዱ የጊዮርጊስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን ሲነካ ሐኪም ሻንጣ ይዞ በሩጫ ሜዳ ይገባል፣ ስታዲየሙ ይቆማል። የእውነቱ ፈረስ ሲያነክስ ግን ጌታው ሌሊት አውጥቶ አስፋልት ዳር ይለቀዋል። በየቀለበት መንገዱ መሐል ሣር ላይ ቆመው የምታዩአቸው፣ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ የማይነቃነቁት፣ አብዛኞቹ ጋሪ ሲጎትቱ የከረሙ ናቸው። ሁሉም በትልቅ አደጋ አልተሰበሩም። የብዙዎቹ ነገር በአንድ ሚስማር፣ በአንድ ገመድ ጀምሮ ሳይታይ የከረመ ነው። እግሩ ያልሠራ ፈረስ ደግሞ ለጌታው ሥጋው እንኳ አይበላም።

ዳማው አሁን ሌሊት ተጋድሞ ያንኮራፋል። ፈረስ እንደሚያንኮራፋ የማያምን ካለ ግድግዳዬ ክፍት ነው።

የቀረን የሚነጠፍ ነገር ብቻ ነው፤ የሱሉልታ ጭድ ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ስለዚህ እናንተ አዲሱ ገበያና ሽሮ ሜዳ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ከመላጊያ ሥር የሚወጣውን ፍቅፋቂ አታቃጥሉት። ዱቄት የሆነውን ሰጋቱራ አንፈልግም፣ አቧራው ለሳንባው አይሆንም፤ ፍቅፋቂውን በማዳበሪያ ሞልታችሁ አስቀምጡልን፣ ቅዳሜ የአከራያችን ልጅ ሲያልፍ ይወስደዋል። ከመሙላታችሁ በፊት ግን እባካችሁ ሚስማሩን ልቀሙበት።